ሄድፎን ላይ ያማረው ቤዝ አዳራሽ ሲገባ ደፈረሰ፦ የአንድ ካብ ሲሙሌተር ፔዳል ጉዳይ

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰርግ ለሰርግ እየዞረ የሚጫወት ባንድ አለ፣ ሳውንዱን የምሰራላቸው እኔ ነኝ። ቤዚስቱ ወጣት ነው፣ እጁ አሪፍ ነው፣ ታይሙ አይዛነፍም፣ ግን የራሱ አምፕ የለውም። ይሄ ደሞ እኛ አካባቢ አዲስ ነገር አይደለም፣ ለሰርግ የሚከራየው እቃ ሁለት ሞንታርቦ፣ አንድ ሚክሰር፣ ማይኮች፣ ደግሶ የሚያድር ሰው ከሆነ ደሞ ሰብዉፈር (የታቹን ወፍራም ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ነው። የቤዝ አምፕ መኪናው ላይ ቦታ ይፈጃል ተብሎ ይቀራል፣ ቤዙም ቀጥታ ሚክሰር ላይ ይሰካል። ቀጥታ የተሰካ ቤዝ የሰማ ያውቀዋል፣ ታቹ ባዶ ባዶ ይላል፣ ላይ ላይ ደሞ ጣት ክሩን ሲነካ የሚወጣው ቅጭቅጭታ በሞንታርቦው ቲዊተር (ቀጭኑን ድምፅ በሚያወጣው ትንሽ ስፒከር) በኩል ጆሮ ይበሳል። ልጁ ይሄን ለመገላገል ብሎ ዲጂታል ካብ ሲሙሌተር ፔዳል አስመጣ፣ የቤዝ ስፒከር ሳጥንን (ካብን) ድምፅ የምትኮርጅ ማለት ነው። ትንሽዬ ናት፣ የካብ መምረጫ፣ የማይክ መምረጫ፣ ዲስታንስ (የማይኩ ርቀት)፣ ሎ ከት (ታቹን መቁረጫ)፣ ሃይ ከት (ላዩን መቁረጫ)፣ ብሌንድ (መቀላቀያ)፣ ሌቭል አላት፣ ጎኗ ላይ ደሞ ግራውንድ ሊፍት (የድምፅ ኬብሉን አርዝ ማላቀቂያ)።

"ጋሼ ይስሙት እስቲ፣ ስቱዲዮ አይመስልም?" ብሎ ሄድፎኑን አደረገልኝ። እውነቱን ነው፣ ወፍራም፣ ለስላሳ፣ ዙሪያውን አየር ያለው ድምፅ ነበር።

ከዛ የጥር ሰርግ መጣ። አዳራሹ ሲሚንቶ ወለል፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በሁለት በኩል ረጃጅም መስታወት። ሙሽሮቹ ገብተው የመጀመሪያው ችክችካ እንደተጀመረ ኪቦርዲስቱ ወደኔ ዞሮ "ቤዙ የት ገባ?" እያለ በእጁ ይጠይቀኛል፣ ቤዙ ግን አለ፣ ሚክሰሩ ላይ ቀይ መብራት ነክቷል፣ ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል፣ የቱ ኖታ እንደተመታ ግን የሚለይ የለም። የሙሽራዋ አባት፣ የመንዝ ሰው ናቸው፣ ጋቢያቸውን ሰብስበው መጡና "ልጆቼ፣ ይሄ ነገር ሆዴን ነው የሚነዝረኝ፣ ዘፈኑ ግን አይሰማም" አሉኝ። እኔ እስከዛሬ ችግሩን እንደሳቸው አሳጥሮ የነገረኝ ቴክኒሺያን የለም። ኪቦርዲስቱ ደሞ ቤዙ የጠፋ መስሎት በግራ እጁ ቤዝ መምታት ጀመረና ታቹ በአንዴ ሁለት ቤዝ ሆነ፣ በቃ ድፍርስ። ፔዳሉን አስነቅዬ እንደድሮው ቀጥታ አስሰካሁትና ምሽቱ በቅጭቅጭታው አለፈ።

ማሽከርከሪያዎቹን ሳይነካካ ልምምድ ቤት እንዲያመጣው ነገርኩት፣ ምክንያቱም የተበላሸ ሴቲንግ ራሱ ማስረጃ ነው። ያለበት ቦታ ይሄ ነበር፦ ካቡ ባለ አንድ 15 ኢንች፣ ማይኩ በጣም ሩቅ፣ ሎ ከት ጠፍቷል፣ ሃይ ከት 3 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ፣ ብሌንድ መሃል ላይ፣ ሌቭል ጥግ ድረስ። (ኸርዝ ድምፅ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ታች፣ ሲበዛ ላይ፣ ኪሎ ደሞ ሺህ።) ሄድፎን ላይ እያንዳንዱ ምክንያት አለው። ሄድፎን ክፍል የለውም፣ ስለዚህ ማይኩን ማራቅ የጎደለውን አየር ይሰጣል። የሄድፎኑ ስፒከር ጆሮው ላይ ስለተቀመጠ የጣቱ ድምፅ ይረብሻል፣ ስለዚህ ሃይ ከቱን ማውረድ ደስ ይላል። 35 ኸርዝ ምናምን ቢወጣም ማንንም አያስቸግርም። ልጁ በጆሮው ነው የሰራው፣ ጆሮው ደሞ አልዋሸውም፣ ብቻ የሰራው ለሄድፎን ነው።

እዚህ ጋ ካብ ማለት ምን እንደሚሰራ ካልተነገረ የሚቀጥለው ሁሉ ግራ ያጋባል። የቤዝ ካቢኔት የሚመጣለትን ሁሉ እኩል አያወጣም፣ ራሱ ትልቅ ማጣሪያ ነው። አምፔግ በ1969 ባወጣው ባለ 300 ዋት ኤስቪቲ የታወቀውን ስምንት ባለ 10 ኢንች ስፒከር ካቢኔት ውሰዱ፣ የታሸገ ሳጥን ነው፣ ቲዊተር የለውም፣ ከ5 ኪሎ ኸርዝ በላይ ያለውን ይጥለዋል፣ ከ60 ኸርዝ ትንሽ ወረድ ሲል ደሞ ታቹም መሳሳት ይጀምራል። ይሄ ሁሉ ሰው "ትልቅ ቤዝ" የሚለው ሳጥን የሎው ኢ ክርን (የቤዙን በጣም ወፍራም ክር) መሰረት፣ ማለትም 41 ኸርዝን፣ እንደልብ አያወጣም! የምንሰማው በአብዛኛው እጥፉንና ሶስት እጥፉን፣ 82ቱን እና 123ቱን ነው፣ ጆሮ ከነሱ ተነስቶ የጎደለውን መሰረት ራሱ ይሞላዋል። ካብ ሲሙሌተር እንግዲህ ይሄን ማጣሪያ፣ ፊቱ ከተደቀነው ማይክ ጋር፣ በኤሌክትሮኒክስ የሚኮርጅ ነገር ነው። ቴክ 21 በ1989 ሳንስአምፕን ሲያወጣ በአናሎግ ሰርኪት ነበር የሰራው፣ ዛሬ ዲጂታሎቹ አይአር የሚባለውን ይጠቀማሉ፣ የአንድ ካብ፣ የአንድ ማይክና የአንድ ክፍል ምላሽ ተቀድቶ የተቀመጠ ማለት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ከፔዳሉ ኋላ ምን አለ የሚለው ነው። የትኛው ኖብ (ማሽከርከሪያ) ወዴት ይዙር የሚለው ከዛ በኋላ ነው የሚመጣው። የልጁ ፔዳል እስካሁን ሶስት አይነት ነገር ላይ ተሰክቷል፣ ሄድፎን፣ የአዳራሽ ሞንታርቦ፣ እና ልምምድ ቤት ያለች አንድ ያረጀች ባለ 15 ኢንች የቤዝ ኮምቦ አምፕ (አምፕና ስፒከር በአንድ ሳጥን)። ሶስቱም ላይ ያንኑ ሴቲንግ ይዞ ነው የሄደው።

ከኮምቦዋ እንጀምር፣ ቀላሉ እሱ ስለሆነ። ልምምድ ቤቱ ጠባሴ ነው፣ ጠባብ ክፍል፣ ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ ተብሎ የመንዝ ባና ተሰቅሏል። ፔዳሉ ኮምቦዋ ላይ ሲሰካ ድምፁ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባ ይመስላል፣ ልጁ "አምፕዋ አርጅታ ነው" ይላል። አይደለም። የፔዳሉ ባለ 15 ላዩን ቆርጦ የሰጣትን፣ የኮምቦዋ እውነተኛ ባለ 15 ደግሞ ይቆርጠዋል፣ ሁለት ካብ ተደራርቧል። መፍትሄው ካቡን ማጥፋት ብቻ ነው፣ ሌላ የሚዞር ነገር የለም። አጠፋነው፣ አምፕዋ ወጣት ሆነች። እግረ መንገዴን ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እዛ ክፍል ውስጥ ኤ ክር በባዶው ሲመታ ከሌሎቹ ሁሉ ዘሎ ይወጣል፣ ፔዳሉ ቢኖርም ባይኖርም። ጣሪያው 3 ሜትር ገደማ ነው፣ በዚህ ከፍታ ከወለል ጣሪያ የሚመላለሰው ሞገድ 57 ኸርዝ አካባቢ ይወድቃል፣ ባዶ ኤ ደሞ 55 ነው። ባናው ለዚህ ምንም አይጠቅምም፣ የሲምባሉን ጩኸት ይውጣል እንጂ ያን ያህል ረጅም ሞገድ በጨርቅ ውፍረት አይያዝም። ልጁ ይሄን "የኤ ችግር" ብሎ ፔዳሉ ላይ ታቹን ቀንሼ ላስተካክል ይል ነበር። የክፍል ችግር በፔዳል ከተስተካከለ ሌላ ክፍል ሲኬድ ተመልሶ ይመጣል፣ ግልባጭ ሆኖ።

ወደ ሞንታርቦው። ሁለቱን ሞንታርቦ ልምምድ ቤት አስመጥተን፣ ድራሙና ኪቦርዱ እየተጫወቱ አንድ በአንድ ማዞር ጀመርን። ብቻውን ቤዝ እየሰሙ ሴቲንግ መስራት የሚባለውን እኔ አልወደውም፣ ብቻውን ያማረ ቤዝ ብዙ ጊዜ ባንድ ውስጥ የሚጠፋ ቤዝ ነው።

ካብ መምረጫው ላይ ብዙ ሰው የሚቆየውን ያህል አልቆየንም። ባለ አንድ 15ቱን ትተን ወደ ስምንት ባለ 10ሩ ሄድን፣ መሃሉ፣ ማለቴ 700 ኸርዝ፣ አንድ ኪሎ አካባቢ ያለው፣ ወጣ ስለሚል። ባለ ቲዊተሩ አራት ባለ 10ም ነበር፣ እሱ ግን የሸሸነውን ቅጭቅጭታ መልሶ ያመጣል። የማይክ መምረጫው ልዩነት አለው፣ ግን ችክችካ እየተመታ፣ ሁለት መቶ ሰው እያጨበጨበ፣ እልልታ እየቀለጠ፣ የማይኩን ልዩነት ለየሁ የሚል ሰው ካለ ጀግና ነው። አለፍነው።

ዲስታንስ ግን ትልቅ ነገር ነው። ማይኩን ባራቅከው ቁጥር የተቀዳበትን ክፍል ነጸብራቅ ይዞ ይመጣል። ሄድፎን ላይ አየር የመሰለው ይሄ ነው። አዳራሹ ግን የራሱ ክፍል አለው፣ ያውም ቆርቆሮና መስታወት፣ እዛ ላይ የፔዳሉን ክፍል ሲጨምሩበት አንዱ ኖታ ሳያልቅ ሌላው ይመጣል። ችክችካ ደሞ ስድስት ስምንት ነው፣ ቤዙ አይቆምም፣ ሲሮጥ ነው የሚያመሸው፣ ቀስ ባለ ትዝታ ላይ ያልታወቀው ጅራት እዚህ ላይ ሁሉንም ያቀልጠዋል። ማይኩን ስፒከሩ አፍ ድረስ አቀረብነው። ወዲያው ኖታው መለየት ጀመረ፣ ነገር ግን ታቹ ደሞ ጨመረ፣ ምክንያቱም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰሙ ማይኮች ወደ ድምፁ ምንጭ ሲጠጉ ቤዝ ያገዝፋሉ፣ ማይኩን የቀረጸው አይአር ይሄንንም አብሮ ቀርጾታል። አንዱ ኖብ ሲዞር ሌላውን የሚጠራው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ሎ ከት። እዚህ ጋ ነው ከልጁ ጋር ክርክር የገጠምነው። 60 ኸርዝ አድርገው ስለው "ጋሼ፣ ከቤዝ ላይ ቤዝ ቆርጠው ምን ሊቀር ነው?" አለኝ፣ ኪቦርዲስቱም ሳቀ። ቅድም ያልኩትን ነው የነገርኩት፣ ሞንታርቦዎቹ ባለ 12 ኢንች ናቸው፣ ሰብ የለም፣ ከ55፣ 60 ኸርዝ በታች ያለውን ብትልክላቸውም አያወጡትም። ኮኑ (የስፒከሩ ተርገብጋቢ ወረቀት) ግን ሊያወጣ ይታገላል፣ ወደፊት ወደኋላ ይወዛወዛል፣ አምፑ ጉልበቱን እዛ ይጨርሳል፣ ከዛ የሚሰማው ድምፅ ላይ ጉልበት ያጥረዋል። ሞንታርቦውን ፊት ለፊት አድርገን ሽፋኑን ከፍተን ኮኑን አሳየሁት፣ ሎ ከት ጠፍቶ ባዶ ኢ ሲመታ ኮኑ በአይን እስኪታይ ይዘላል፣ ድምፁ ግን ያን ያህል አይደለም። 60 ላይ ሲደረግ ኮኑ አደብ ገዛ፣ ድምፁ ደሞ እንደውም የጨመረ መሰለ። ሎ ከት እንደ ግድግዳ አይደለም፣ ቁልቁለት ነው፣ ኸርዙ በግማሽ በወረደ ቁጥር፣ ማለትም በኦክታቭ፣ 12 ዲቢ ወይም 24 ዲቢ እየቀነሰ ይሄዳል እንጂ 59 ላይ ያለውን አያጠፋውም። ልጁ ዝም አለ፣ ግን እንዳላመነኝ ፊቱ ይናገር ነበር።

ሃይ ከቱን ከ3 ወደ 5 ተኩል ኪሎ ኸርዝ ከፍ አደረግነው። ካቡ ራሱ ላዩን ቆርጦ ሳለ ልጁ እዛ ላይ ደግሞ በ3 ኪሎ ሲቆርጥበት ጣት ክሩን የሚይዝበት ድምፅ ሁሉ ሄዷል። እሱ ድምፅ ደሞ ብቻውን ሲሰሙት ነው የሚያስጠላው፣ ከድራም ጋር ሲሆን የኖታው መነሻ የቱ ጋ እንደሆነ የሚያሳየው እሱ ነው። በዛ ላይ አዳራሽ በሰው ሲሞላ ልብሱና ገላው ሁሉ ላዩን ይውጣል፣ የጥር ብርድ ላይ ጋቢ ያልደረበ ሽማግሌ የለም፣ ልምምድ ላይ ትንሽ የበዛ የመሰለው አዳራሽ ላይ ልኩ ይሆናል።

አሁን ብሌንድ። እውነቱን ለመናገር የዚህ ጉዳይ ዋና ጥፋተኛ እሱ ነው፣ ማንም ግን አልጠረጠረውም። ብሌንድ ንጹሁን የቤዝ ድምፅና በካቡ ያለፈውን ይቀላቅላል፣ መሃል ሲሆን እኩል በእኩል። ብዙ ቤዚስት "ትንሽ ንጹህ ድምፅ ልጨምርበት፣ እንዲጠራ" ብሎ መሃል ላይ ይተወዋል፣ ምክንያታዊም ይመስላል። ዲጂታል ፔዳል ግን ድምፁን ወደ ቁጥር ቀይሮ፣ አስልቶ፣ መልሶ እስኪያወጣው ጥቂት ይዘገያል፣ ንጹሁ ድምፅ ደሞ አብሮ ካልዘገየለት ቀድሞ ይደርሳል። 1 ሚሊ ሰከንድ ብቻ እንበል። 500 ኸርዝ አንዱን ዙር በ2 ሚሊ ሰከንድ ነው የሚጨርሰው፣ ስለዚህ በ1 ሚሊ ሰከንድ የዘገየው ልክ ተገልብጦ ይደርስና አንዱ ሲወጣ አንዱ ሲወርድ ይጣፋሉ። 1500 ላይም እንደዛው፣ 2500 ላይም። 41 ኸርዝ ግን ዙሩ 24 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ 1 ሚሊ ሰከንድ ምንም አይመስለውም፣ ተደምሮ ይወፍራል። ውጤቱ ምን ሆነ? ታቹ አለ፣ መሃሉ የለም። የሙሽራዋ አባት ያሉት ማለት ነው፣ ሆድ ይነዝራል፣ ዘፈኑ አይሰማም።

ይሄን ለልጁ በወሬ አላሳመንኩትም። ሚክሰሩ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ሚድ (የመሃል ድምፅ ማስተካከያ) 500 አካባቢ አድርጌ ጥግ ድረስ ከፈትኩት፣ ብሌንዱ መሃል ላይ እያለ። ምንም። ሊጮህ ሲገባው ድምፁ እንደነበረ ነው፣ ምክንያቱም የሚጎላ ነገር እዛ የለም። "አሁን ብሌንዱን ወደ ካቡ ጨርሰው" አልኩት። ቀስ እያለ ሲያዞር የሆነ ቦታ ላይ መሃሉ ከየት መጣ ሳይባል ፈንድቶ ወጣ፣ ልጁ ደንግጦ እጁን አነሳ፣ ኪቦርዲስቱም መምታቱን አቆመ። ሚዱን ወደ ዜሮ መለስኩት፣ ብሌንዱ እዛው ጥግ ላይ ቀረ። ጥራት ከፈለገ ሃይ ከቱን ይክፈት እንጂ ንጹህ ድምፅ አይቀላቅል። ሁሉም ፔዳል እንዲህ ነው እያልኩ አይደለም፣ ንጹሁን እኩል የሚያዘገዩ አሉ፣ አናሎጎቹ ደሞ እንዲህ ያለ የስሌት መዘግየት የላቸውም፣ እነሱ ላይ ብሌንድ ደህና መሳሪያ ነው። የየራሳችሁን ለማወቅ ብሌንዱን ከጥግ ጥግ ቀስ ብላችሁ አዙሩ፣ ሁለቱ ጫፍ ላይ ሞልቶ መሃል ላይ ከሳሳ ነገሩ ያው ነው።

ሌቭሉን በተመለከተ ረጅም ወሬ የለም፣ ጥግ ላይ የነበረውን ወደ ግማሽ አወረድነው፣ የሚክሰሩ ማይክ መግቢያ ላይ ድምፁ ከልክ አልፎ እየተሰነጣጠቀ ነበር።

በሚቀጥለው ሰርግ እዛው ከተማ ውስጥ፣ ሌላ ግን ያው ቆርቆሮና መስታወት የሆነ አዳራሽ፣ ቤዙ ከመጀመሪያው ዘፈን ጀምሮ ኖታ በኖታ ይለይ ነበር። ኪቦርዲስቱ ግራ እጁን ሰበሰበ፣ ሳልነግረው። ፍጹም ነበር አልልም፣ 120 ኸርዝ አካባቢ አዳራሹ ራሱ ይጮህ ስለነበር ሚክሰሩ ላይ ትንሽ ቀንሻለሁ። ፔዳሉ ላይ ሳይሆን ሚክሰሩ ላይ መቀነሴ ደሞ ሆን ብዬ ነው፣ የዛ አዳራሽ ጠባይ እዛው ይቅር ብዬ።

ከዛ ሸዋ ሮቢት ሄድን፣ እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚገለበጠው። ጣርማ በርን አልፎ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ሲወረድ ጃኬት ይወልቃል፣ ሸዋ ሮቢት ሲደረስ ሸሚዝም ይከብዳል፣ ሰርጉም አዳራሽ ሳይሆን ሜዳ ላይ የተጣለ ዳስ ነበር። ግድግዳ የለም፣ ድምፁ ሄዶ አይመለስም፣ ታቹን የሚያጠራቅም ነገር የለም። ደጋሹ ደሞ ሰብዉፈር ተከራይተዋል። በደብረ ብርሃኑ ሴቲንግ ስንጀምር ቤዙ ጥርት ብሎ ይሰማል ግን ቀጭን ነው፣ አጥንት ብቻ። ሎ ከቱን ወደ 35 አወረድነው፣ ሰቡ 41ን ማውጣት ስለሚችል፣ ኢ ክር ሲመታ መሬቱ አብሮ መታ። ዲስታንሱንም ትንሽ አራቅነው፣ እዚህ ክፍል ስለሌለ የፔዳሉ ክፍል ጠቀመ፣ ልጁ ሄድፎን ላይ የወደደው ድምፅ ግማሹ ተመለሰለት። ብሌንዱ ያው ጥግ ላይ ነው፣ እሱ ቦታ አይመርጥም። መብራት ስላልነበረ በጄነሬተር ነው የሰራነው፣ ፔዳሉ እንደተሰካ እንንንን የሚል ነገር ነበር፣ የመብራቱ 50 ኸርዝና እጥፎቹ፣ ግራውንድ ሊፍቷን ሲጫናት ጠፋ። ያቺን ቁልፍ ካልተቸገራችሁ በቀር አትንኳት፣ ሲጮህ ግን እሷን ሳትሞክሩ ኬብል መቀያየር አትጀምሩ። ደሞ ሊፍት የሚነሳው የድምፅ ኬብሉ ላይ ነው፣ የመብራት ሶኬቱን የአርዝ እግር የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ፣ እንደሱ ማድረግ ሰው ይገድላል።

ልጁ አሁን ፔዳሉ ላይ ሶስት ሴቲንግ ሴቭ አድርጓል፣ አንዱ ለአዳራሽ፣ አንዱ ለዳስ፣ አንዱ ያ የድሮው ለሄድፎን፣ እሱን አልነካውም፣ ቤቱ ሲለማመድ የሚወደው እሱን ነው። ለኮምቦዋ ካቡን ያጠፋዋል። ያልፈታነው የቀረ ነገር መድረክ ላይ የሚሰማው ሞኒተር ነው፣ ሞኒተሯ ባለ 10 ኢንች ናት፣ ሎ ከቱ 60 ሆኖም ታቹ ይከብዳታል፣ ልጁ "ራሴን አልሰማም" እያለ ጣቱን እያጠነከረ ይመታል፣ ሲያጠነክር ደሞ ውጪ ያለው ድምፅ ይለወጣል። ለጊዜው የሞኒተሩ ላይ ብቻ 100 ኸርዝ ድረስ ቆርጬ 800 አካባቢ ጨምሬለታለሁ። በዚሁ የፋሲካ ሰሞን ሰርግ ላይ እንሞክረዋለን።